ኖር ለማለት የሚበቃ ልብስ

ከአንድ ጥፋቴ ልጀምር።

ቦታው አይከል ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል አድሬያለሁ። ቁምጣና ካናቴራ እንደለበስኩ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ አልጋው ሥር ያገኘሁትን ሰማያዊ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ወደ ሻወር ወጣሁ። የያዝኩት አልጋ የራሱ ሻወር የለውም፤ ሻወሩ የጋራ ነው፣ ያለውም ከግቢው ማዶ ጥግ ላይ ነው። መሐል ግቢ ስደርስ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡ አራት ሰዎች አየሁ። ሦስቱ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፤ አራተኛው ጥምጥም ያደረጉ ቄስ ናቸው። ለሽምግልና የተሰበሰቡ ይመስላሉ። «እንደምን አደራችሁ» ብዬ አለፍኩ። «እግዜር ይመስገን» አሉ፤ አንገታቸውን ግን ቀና አላደረጉም።

ይሄኔ ቡና የምታፈላው ልጅ ከበረንዳው ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ብርዱ አይጎዳዎትም?»

«አይ፣ ለምጄዋለሁ» አልኳት። ጥንካሬዬን ያደነቀችልኝ መስሎኝ ትንሽ ኮራም ብያለሁ።

ወደ ጓዳ ገብታ ነጭ ጋቢ ይዛ ወጣች። «ለማንኛውም ይችን ጣል ያድርጉባት።»

ነገሩ የገባኝ ሻወር ቤት ገብቼ ቀዝቃዛው ውሃ አናቴ ላይ ሲወርድ ነው። ልጅቷ ስለ ብርድ አልነበረም የምታወራው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጉዳዩ አልለቀቀኝም። ሆቴል ውስጥ ሁሉም በሚቀመጥበት ቦታ ምን ይለበሳል? ማን ወሰነው? ግድግዳ ላይ ያልተጻፈውስ ለምንድን ነው? የደረስኩበትን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። አይከል ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ፣ አዘዞን አልፎ በመተማ መንገድ ላይ ያለች የጭልጋ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ነጋዴ ባሕር፣ ወደ ገንዳ ውሃ እያለ ይወርድና ከ1000 ሜትር በታች ያለው የመተማ ቆላ ውስጥ ይገባል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከሱዳኑ ሰናር የሚመጣው ነጋዴ ጎንደር ከመድረሱ በፊት ቀረጥ የሚከፍለው እዚሁ ጭልጋ ነበር። ቀረጡ ቀርቷል፤ ማደሩ ግን አልቀረም።

እስቲ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ምሽት እዚህ ግቢ ውስጥ የሚገናኘውን ሰው አስቡት። ከቆላ ሰሊጥ ጭኖ የወጣ ሾፌር ከነረዳቱ አለ፤ ሙቀት ለምዶ የመጣ ነውና ሸሚዙ ደረቱ ድረስ ተከፍቷል። ለአረም ወይም ለአጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ አለ፤ ያለው ልብስ የለበሰው ብቻ ነው። አበል አስቆርጦ ለመስክ ሥራ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ለቅሶ ሊደርስ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አለ። አንዳንዴም የጭልጋን መሬት ቆፍሮ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል የሚፈልግ ፈረንጅ፣ አሥር ኪስ ያለው ሱሪ ለብሶ ይገኛል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ደግሞ በመተማ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰድዶ ገብቷል፤ ያ መንገድ ሻንጣ አዘጋጅቶ ያልተነሳ ሰውም አይቷል። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ግቢ፣ አንድ ባኞ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን ይጋራል።

ሁሉም የሚቀመጥበት ቦታ፣ ላውንጁ፣ ስል እንግዲህ ምንጣፍና የቆዳ ሶፋ አትሳሉ። ጎንደር ከተማ ጎሃ ሆቴል ኮረብታው ላይ ቁጭ ብላችሁ ከተማዋን ቁልቁል የምታዩበት ዓይነት ቦታም አይደለም። የአይከሉ ላውንጅ ግቢው ነው፤ ወይም ከግቢው ጋር በአንድ በር የሚገናኝ፣ አንድ ጥግ ማኪያቶ ማሽን፣ ሌላው ጥግ ረከቦትና ቄጠማ ያለበት ሳሎን። አልጋ ክፍሎቹ ግቢውን ከበው ይሰለፋሉ፤ ሁሉም በራቸውን የሚከፍቱት ወደዚያው ነው።

እና የመጀመሪያው ምስጢር ያለው እዚሁ ነው፤ ውሃው የት እንዳለ እዩ። ሻወሩ ክፍላችሁ ውስጥ ከሆነ የመኝታ ልብሳችሁ ድንበር የክፍላችሁ በር ነው፤ ነገሩ አለቀ። ሻወሩ ከግቢው ማዶ ከሆነ ግን ግቢው ሳይወድ በግድ የመኝታ ቤታችሁ ኮሪደር ይሆናል። ያው ግቢ በዚያው ሰዓት ለሌላው ሰው የቁርስ ቤት ነው። እናንተ ገና ከእንቅልፋችሁ አልወጣችሁም፤ እርሱ ፍርፍሩን እየበላ ነው። የልብስ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሻንጋይ ውስጥ ሰው በፒጃማ ወጥቶ አትክልት መግዛት፣ ጎረቤት መጠየቅ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፉን ኤክስፖ ሊያስተናግድ ሲል «በፒጃማ ከቤት አትውጡ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። አንዳንድ ነዋሪ አኮረፈ። ለምን? በአሮጌዎቹ የሻንጋይ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር፤ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። መንገዱ ራሱ የቤቱ አካል ነበር። ለእነርሱ በፒጃማ መውጣት መውጣት አልነበረም። በዚያው ዓመት ብሪታንያ፣ ዌልስ ካርዲፍ ውስጥ፣ አንድ የቴስኮ ሱፐርማርኬት ደንበኞች በፒጃማና በባዶ እግር እንዳይገቡ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። እዚያ ሁሉም ሰው ሻወሩ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳዩ ፒጃማ ሌላ ትርጉም አለው። ውሃው የት እንዳለ እዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የአይከሏ ልጅ ግን ውሃው ማዶ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ተቆረቆረች?

ምክንያቱም ግቢው የእንግዶቹ አይደለም፤ የከተማው ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ትልቅ ከተማ ውስጥ የሆቴል ሎቢ ውስጥ የሚቀመጠው ወይ ያደረ ወይ ቀጠሮ ያለው ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆቴሉ የሁሉም ሳሎን ነው። ሽማግሌ የተጣላ የሚያስታርቀው እዚያ ነው። የሠርግ መልስ እዚያ ይደገሳል። መምህሩ ደብተር የሚያርመው፣ ወጣቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚያየው፣ የወረዳው ሰው ስብሰባ ሲያልቅ ሻይ የሚጠጣው እዚያ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ያደረው እንግዳ ከሁሉም በኋላ የመጣ፣ ከሁሉም በፊት የሚሄድ ሰው ነው። «ከፍዬ ነው እኮ ያደርኩት» ሊል ይችላል፤ የከፈለው ግን ለአልጋው ነው። ቄሱ ፊት በካናቴራ ለማለፍ የሚከፈል ሂሳብ የለም።

በነገራችን ላይ ከፍሎ መብላትና ማደር ራሱ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ለምግብ ገንዘብ መክፈል አፈሩ፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው እየሄዱ በልተው፣ ከፍለው አለማመዷቸው ይባላል። ከዚያ በፊት መንገደኛ ማለት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የሚቆም ሰው ነው። እግሩን ያጥቡታል፣ ያለውን ያቀርቡለታል፣ ማታ ደግሞ ከቤቱ የተሻለውን ጋቢ ያለብሱታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ አልጋ የሚያከራይ አልፈለገም፤ ብዙም ሳይቆይ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢያቸው አሳደሩት። ሆቴል የመጣው በዚህ ልማድ ላይ ነው እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። የአይከሏ ልጅ ጋቢ ስታወጣ የሆቴል አገልግሎት የሰጠችኝ መስሎኝ ነበር፤ ያደረገችው ግን ሴት አያቷ ለመሸበት እንግዳ የሚያደርጉትን ነው።

(አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ያንቀኛል። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደርን ይዞ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻ ምሽጉን እስኪለቅ ድረስ የተወልንን ቃላት ልብ ብላችኋል? አልቤርጎ። ባኞ ቤት። ካናቴራ። ሙታንታ። ካልሲ። የምናድርበትን ቤት፣ የምንታጠብበትን ክፍልና ከላይ ልብስ ሥር ከሚለበሰው ብዙውን በጣሊያንኛ እንጠራለን። ከላይ የሚደረበው ግን ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ ብሎ በራሱ ቋንቋ ቀረ። እኔ ያን ጠዋት ግቢውን የተሻገርኩት ከወገብ በላይ በጣሊያንኛ ለብሼ ነው።)

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚጥመኝ ይሄ ነው።

ነጠላ እንደ ስሙ ስስ ነው። ኩታ ድርብ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ክብደቱን ትከሻ ያውቀዋል። ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ የሚሸምነው ሸማኔው ነው፤ በጎንደር ዙሪያ ሽመና ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሙያ ነበር። የአገራችን ሰው በዚህ ጨርቅ ብርድ ብቻ አይደለም የሚከላከልበት፤ ይናገርበታል። በድሮው ሥርዓት ከበላይ ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ያደገድጋል። ከወገቡ በላይ ራቁቱን መሆኑ ትሕትና ነው። እኩያው ፊት ሸማውን ትከሻው ላይ ያደርጋል። ትልቅ ሰው ደግሞ እስከ አፍንጫው ይሸፈናል፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ የቤቱን ሰዎች አየት ሲያደርግ ሸማውን የት ላይ እንደሚያሳርፈው በልቡ ሒሳብ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

አያችሁ ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ? ያኔ ደረትን መግለጥ አክብሮት ነበር፤ ዛሬ ድፍረት ነው። ስለዚህ «ባህላችን ጨዋ ነው፣ ሰውነት አይገለጥም» የሚለው ቀላል መልስ እኔን አያሳምነኝም። ያልተለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው አይተሃል ወይስ አላየኸውም? እኔን ያስወቀሰኝ ክንዴ መታየቱ አልነበረም። አራቱን ሰዎች በአፌ ሰላም ብልም በልብሴ እንደሌሉ አድርጌ ማለፌ ነው።

ነጠላም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስቀልኛ ያጣፏታል። ለደስታ ጥለቷ ወደ ታች ይወርዳል። ኀዘን ሲሆን ግን ትዘቀዘቃለች፤ ጥለቷ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ሆቴል ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ጎንደር ላይ አይቻለሁ። ከውጭ አገር ለጥምቀት የመጣች ወጣት ጠዋት ብርዱ ሲጠናባት ነጠላዋን እንደ ስካርፍ አንገቷ ላይ ጠመጠመች፤ ጥለቱ ከአገጯ ሥር ወጣ። አጠገቧ ቁርስ የሚበሉ እናት ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ምን ሰማሽ?» አሏት። «ምንም» አለች። «አይ፣ ደብቀሽኝ ነው፤ እግዜር ያጽናሽ» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ነገሩ እስኪገለጥ ድረስ ልጅቷም አብራ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር።

ጃፓኖች የዚህን ወንድም የሆነ ነገር አላቸው። ሪዮካን የሚባለው ባህላዊ ማደሪያቸው ለእያንዳንዱ እንግዳ ዩካታ የምትባል የጥጥ ካባ ይሰጣል። እንግዳው እርሷን ለብሶ ወደ መታጠቢያው ይሄዳል፣ ራት ይበላል፣ ፍል ውሃ ባለባቸው ከተሞች መንገድ ላይም ይንሸራሸራል። በዩካታ መታየት ነውር የለውም። ግን ግራው ከቀኙ በላይ መደረብ አለበት፤ ቀኙ ከግራው በላይ ከሆነ የሬሳ አለባበስ ነው። በዘመናዊው የከተማ ሆቴላቸው ደግሞ ያችኑ ልብስ ለብሶ ወደ ሎቢ መውረድ ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። አንድ ልብስ ነው፤ የሚፈረደው በቤቱ ነው። እኔ ዩካታን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ጋቢ ነው። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ነው፤ ከአልጋ ሲወርዱ ካባ ነው፤ ግቢ ውስጥ የክብር ልብስ ነው። በመኝታና በአደባባይ መካከል ያለውን ድንበር ሳይቀየር የሚሻገር ሌላ ልብስ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሽርጥ የለበሰውን ነጋዴ ካላነሳሁ ዳኝነቴ ያዳላል። በዚያው ጠዋት፣ ከእኔ ቀድሞ፣ ገና ሳይነጋ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ቧንቧው የወጣ የቆላ ሰው ነበር። ንጹሕ ሽርጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ እጅጌው የተጠቀለለ ሸሚዝ፣ ኮፍያ። ማንም «ብርዱ አይጎዳዎትም?» አላለውም። የእርሱ ሽርጥ ከእኔ ቁምጣ ጋር አንድ የሚመስለው ላላወቀው ብቻ ነው። ቆላ ላይ ሽርጥ ሙሉ ልብስ ነው፤ በእርሱ ይነገዳል፣ ይሰገዳል፣ እንግዳ ይቀበሉበታል። የእኔ ቁምጣ ግን አዲስ አበባም ቢሆን ኳስ ሜዳና መኝታ ቤት እንጂ ሌላ አያውቅም። ስለዚህ የሰውን ልብስ «የመኝታ ነው» ከማለታችሁ በፊት ለእርሱ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ደጋ ላይ ፈረንጁ በቁምጣ ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ዝም የሚሉት ይህንኑ አስበው ነው። አገሬው ሲያደርገው ግን ፈገግታው የለም፤ አውቀህ ነው ያደረግኸው ይሆናል።

አንድ የማልወደውን ነገር ደግሞ ልናገር። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ለሴትና ለወንድ እኩል አይሠራም። ወንዱ በቱታና በካናቴራ ግቢውን ሦስቴ ሲመላለስ በብርድ ነገር ይነገረዋል፤ ሴቷ ከጉልበቷ በታች በሚደርስ የሌሊት ልብስ አንዴ ብትሻገር ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ጎንደር ይገባል። ለዚህ ነው የጋራ ሻወር ባለበት ሆቴል የሚያድሩ ሴቶች አብዛኛዎቹ ሙሉ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ገብተው እዚያው እርጥብ ወለል ላይ በአንድ እግራቸው እየተወላገዱ ለብሰው የሚወጡት። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ሻወር ቤት ውስጥ ሁለት ሚስማርና አንድ ደረቅ በርጩማ ያላስቀመጠው የሆቴል ባለቤት ጥፋት ነው። ባለ ሆቴሎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሁለት ሚስማር!

አሁን የደረስኩበትን መመዘኛ ላምጣ። ብዙ ጊዜ የሆቴል ደንብ ሲጻፍ «ተገቢ ልብስ» ይላል፤ ተገቢው ምን እንደሆነ ግን ማንም አይነግራችሁም። አገራችን ግን ጥሩ መመዘኛ አላት፤ አንድ ቃል ናት፤ ኖር።

ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ይላል፤ «ኖር!» ይላል። መጪው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከተማ ላይ እየቀረ ነው፤ ጭልጋና ጎንደር ዙሪያ ግን አለ። እንግዲህ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን ፈትሹ። አሁን አንድ አባት በበሩ ቢገቡ፣ ምንም ነገር በእጄ ሳልይዝ፣ ምንም ሳልጎትት፣ ሳላስተካክል ብድግ ማለት እችላለሁ? ፎጣ ያገለደመ ሰው ኖር ማለት አይችልም፤ አንድ እጁ ፎጣው ላይ ነው። በጣም ያጠረ ቁምጣ የለበሰ ብድግ ብሎ ወዲያው ወደ ታች ይጎትታል። ብርድ ልብስ የተከናነበ ሲነሳ ግማሹ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ጋቢ የለበሰ ግን ይነሳል፣ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ ይጨብጣል፣ ይቀመጣል። ሽርጥ የለበሰው ነጋዴም እንዲሁ። ቱታ ሙሉ ከሆነና ዚፑ ከተዘጋ ያልፋል፤ የመስክ ሠራተኛውን ሁሉ ያዳነው ቱታ ነው። ነጠላ ጫማ ጠዋት ላይ ያልፋል፤ እግር ከታጠበ ማለቴ ነው።

ሰዓትም ይታያል። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ግቢው ገና ኮሪደር ነው፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይቅር ይላል፤ እኔን የጎዳኝ ሽማግሌዎቹ በጠዋት መሰየማቸው ነው። ከዚያ ልጅቷ ቄጠማውን ጎዝጉዛ፣ ሲኒ ደርድራ፣ ከሰሉን ታራግባለች። ጀበናው ሲጣድ ግቢው ሳሎን ሆነ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመኝታ ልብስ ጊዜው አልፎበታል፤ ሻወር ያልገባ እንኳ ሱሪና ጫማ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ጋቢዎቹ ይመለሳሉ፤ ባለ ኮቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር ከኮቱ በላይ ይደርባል፤ ሾፌሩም የተከፈተ ሸሚዙን ይቆልፋል። የማታው ግቢ ከጠዋቱ የበለጠ ገር ነው፤ ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ጨለማ ውስጥ ማን ባለሥልጣን ማን የቀን ሠራተኛ እንደሆነ አይለይም።

ልብስ ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። ከመተማ በኩል በለበሰው ብቻ ለመጣ ሰው «ምን ለብሰህ ነው?» የሚል ግቢ አላጋጠመኝም። እርሱም ቢሆን የሚሰማው ያችኑ ጥያቄ ነው፤ ብርዱ አይጎዳህም? ለእርሱ ስትባል ግን ጥያቄዋ በቀጥታ ጥያቄ ናት፤ ጋቢውም ጋቢ ነው።

ለዚህ ይመስለኛል ግድግዳ ላይ የማይጻፈው። «በካናቴራ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ቢለጠፍ ኖሮ የቀን ሠራተኛውም እኔም እኩል እንባረር ነበር። ልጅቷ ግን ሰው እያየች ነው የምትናገረው። ለአንዱ ምክር፣ ለሌላው እንክብካቤ ናት፤ ቃሉ አንድ ነው። ተሳዳቢም ተሰዳቢም የለበትም። እኔ «ለምጄዋለሁ» ብዬ ስመልስላት እንኳ አላፈረችብኝም፤ ጋቢውን አመጣችው።

ሻወሩን ጨርሼ በጋቢዋ ተጠቅልዬ ስመለስ ሽማግሌዎቹ አሁንም ክብ እንደሠሩ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ቀና አሉ። ቄሱ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና «ና፣ ቡና ድረስ» አሉኝ። ስለ ልብሴ የተነሳ ነገር የለም። ያስታርቁት የነበረው የድንበር ጉዳይ ግን እስከ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ምንም አልተነቃነቀም፤ እኔም ያልተጠየቅኩትን አስተያየት ሰጥቼ ሁለተኛ ጥፋት ሠራሁ። የእርሱን ጣጣ ሌላ ቀን።

እናንተ ግን ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ አልጋ ስትይዙ መጀመሪያ «ሻወሩ የውስጥ ነው የጋራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጋራ ነው ካሏችሁ ጋቢ ያዙ፤ ካልያዛችሁም አትፈሩ፣ ጠይቁ፣ አያጡላችሁም። አልጋው ላይ ያለውን ነብር የተሳለበትን ብርድ ልብስ ግን ክፍላችሁ ተዉት፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።